ከውሃው ጋር የሚነሳው ፀጉር ቤት

አርክቴክቷ አጎቷን ለማሳመን አሳሯን ነው የበላችው። አጎቷ በወንዝ ዳሩ ሰፈር የታወቁ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ ጓዳቸው ከሱቁ ጀርባ ነውና ጎርፍ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ጭቃ ይገባቸዋል። እሷ የነደፈችላቸው አዲሱ ቤት ከወለሉ ሥር የታሸጉ ባዶ በርሜሎች አሉት። ውሃ ሲሞላ ቤቱ በአራት የብረት ምሰሶዎች መሃል ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ውሃው ሲሸሽ ተመልሶ ይቀመጣል። ከፍ ሲል ደግሞ አውቶቡስ ከሚቆምበት ከፍ ያለ መንገድ ጋር ይገጥማል።

"እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ እንጂ መርከበኛ አይደለሁም" ይሉ ነበር አጎቷ። እሺ ያሰኛቸው የሚስታቸው ቃል ነው፦ "እንግዲህ የራሰ ፍራሽህን ራስህ አስጣ።"

ቤቱ ከተሠራ ወዲህ የመጀመሪያው ጎርፍ የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አጎቷ የአውቶቡስ ሾፌሩን ግማሽ ጢም ላጭተው ሌላው ግማሽ ሳሙና እንደተቀባ ነው። አርክቴክቷ ከላይኛው መንገድ ላይ ቆማ ታያለች። ቤቱ ብድግ አለ። ደስታዋን ሳትጨርስ ግን አንዱ ማዕዘን አልነሳም አለና ቤቱ ዘመም አለ።

"አጎቴ፣ ምሰሶው ላይ ምን አሰሩበት?"

"ምንም።"

"የፎጣ ማስጫውን ሽቦ ንገራት እንጂ" አሉ ሚስታቸው ከጓዳ።

ለካ ከምሰሶው እስከ መስኮቱ ሽቦ ወጥረው ኖሯል፤ ቤቱን እንደ በግ አስረውታል።

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። "ፒንሳ አውቶቡሱ ውስጥ አለ፣ ከወንበሬ ሥር።"

ሮጣ አመጣች፤ በገመድ አስራም አወረደችለት። አጎቷ ቀበቶውን ይዘውለት ሾፌሩ ወደ ውጭ ተንጠራራና ሽቦውን በጠሰው። ቤቱ ዘለል ብሎ ተስተካከለ፤ የሳሙናው ውሃ አጎቷ ላይ ተደፋ። ትንሽ ቆይቶ ደጃፉ ከመንገዱ እኩል ሆነ።

አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሾፌራቸውን በግማሽ ጢሙ ሲያዩት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "ምነው፣ ዛሬ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው እንዴ የምታደርሰን?" አለች አንዷ። እሱም ተመልሶ የፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እስኪያልቅለት ሲጠብቁ ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ ወረፋ ያዙ፤ አጎቷም እጅጌያቸው እየተንጠባጠበ ፊታቸው በራ።

የአጎቷ ሚስት ግን እንደ እህታቸው ልጅ የሚሳሱላትን አርክቴክት ሳይተቹ አላለፉም። "ስለ ውሃው አስበሻል። ፎጣዬን የት እንደማሰጣ ግን አላሰብሽም።"

እውነት ነው፤ አርክቴክቷ ንድፉን ስትሠራ የጎርፉን ከፍታ እንጂ የሰዎቹን ውሎ አልጠየቀችም። ያን ሳምንት ማስጫውን ከጣሪያው ጋር አያይዛ ሠራችው፤ አሁን ፎጣውም ከቤቱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ቢሮዋን አጨናነቀው። መጀመሪያ የመጣችው ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች። "የእኔም ይነሳልኝ፤ ችግሩ ምድጃዬ ድንጋይ ነው" አለች።

አርክቴክቷ እርሳሷን አነሳች። "ቆይ፣ መጀመሪያ አንቺ ቀኑን እንዴት እንደምትውዪ ንገሪኝ።"