ሃያ ዓመት የተጠየቀበት የኩራሞቺ አትክልት ቦታ

አባባ ኩራሞቺ ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱትን የአትክልት ቦታ ሊሸጡ ነው የሚለውን ወሬ ይዛ የመጣችው ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሂሳኖ ናት። «ኩሬውን ደፍነው፣ ጥዱን ገንድሰው ፎቅ ሊያቆሙበት ነው!» ስትል ፀጉር ቤቴን ዘግቼ ተከተልኳት። እኛ የካናዛዋ ከተማ ሰዎች ያለዚያ ጥድ ሠፈራችንን አናውቀውም። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ሱጊዉራም ጨርቅ ላይ «አትክልቱ የሁላችን ነው!» ብሎ ጽፎ መጣ። በራቸው ላይ ቆመን ጮህን።

ሽማግሌው ወገባቸውን ይዘው ወጡ።

«የሁላችሁ ከሆነ ቅጠሉን ማን ነው የሚጠርገው?»

ሱጊዉራ ጨርቁን መጠቅለል ጀመረ።

«ኩሬውንስ?»

ሂሳኖ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኛማ አባባ... በአጥሩ ላይ ሆነን እናደንቅልዎታለን።»

«ወገቤ በአድናቆት አልዳነም» አሉና በሩን ዘጉት።

አፈርን። በማግሥቱ ሂሳኖ ሄዳ እናግዝዎት ብላ ለመነቻቸው። «እሁድ ኑ» አሏት። «ገዢውም ያን ቀን ነው የሚመጣው፤ ጸድቶ ይየው።»

በንዴት እየተቃጠልንም ቢሆን ሄድን። ለጌጥ ከቆመው የድንጋይ ፋኖስ ሥር መሬቱን እንደ ምንጣፍ የለበሰውን አረንጓዴ ነገር እየጠቀለልን ስናነሳ ከኋላችን የአባባ ጩኸት ተሰማ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«አረም እየነቀልን» አለ ሱጊዉራ በኩራት።

«አረም? የድንጋይ ሽበት ነው እንጂ! እናቴ በእጇ ያለበሰችው! መልሱት! አንተ፣ እግርህን አንሳ! አንቺስ፣ የሰው ፀጉር የምትቆርጪው በዚሁ እጅሽ ነው?»

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ድምፅ ሰምተንባቸው አናውቅም። አሁን ግን ወገባቸውን ረስተው ከዛፍ ዛፍ እየሮጡ ይሰድቡን ጀመር። ጉንጫቸው ቀልቷል።

በዚህ መሀል ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ገባ። አፉን ከመክፈቱ በፊት አባባ የቀርከሃ መጥረጊያ አስጨበጡት።

«አርፍደሃል! ከኩሬው ዳር ጀምር!»

ሰውየው ግራ ቀኙን አየና መጥረግ ጀመረ። ብዙ ከጠረገ በኋላ ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ፣ እኔ ናጉሞ ነኝ። ለሽያጩ ውል ነበር የመጣሁት» አለ።

«ታዲያ ቅጠሉን ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው እንዴ የምትጠርገው?» አሉት አባባ።

በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን የሂሳኖን ቶፉ ስንበላ ናጉሞ በትሕትና ጠየቃቸው። «ታዲያ እንፈራረም?»

አባባ ጭቃ በጭቃ የሆንነውን እኛን አዩ። ተለጣጥፎ የተመለሰውን የድንጋይ ሽበት አዩ።

«እንዲህ አበላሽተውት እንዴት ልሽጠው? መጀመሪያ ይስተካከል እንጂ።»

«መቼ ይስተካከላል?»

«ሽበት ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ሃያ ዓመት ጠብቀኝ።»

ናጉሞ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። ሂሳኖ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

«ምንድነው ለቅሶው?» አሉ አባባ፣ ፊታቸውን ወደ ጥዱ አዙረው። «ማነው ከእናንተ ውስጥ ዛፍ ወጥቶ መከርከም የሚችል?»