ከ«ገባችሁ?» በኋላ ያለው ዝምታ

ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱን ካስዘጋ ወዲህ የሒሳብ መምህሩ ሳሎናቸው ውስጥ ሰሌዳ ሰቅለው በስልክ እየተቀረጹ ያስተምራሉ፤ ልጃቸው ደግሞ ትምህርቱን በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ትጭንላቸዋለች። ከወዲያ በኩል የሚያዳምጥ ሰው መኖሩን ግን ተጠራጥረዋል።

«አባዬ፣ ‹ገባችሁ?› ብለህ ግማሽ ደቂቃ ዝም ትላለህ። ማን እንዲመልስልህ ነው? ልቁረጠው።»

«ተዪው! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልጠብቃቸው አልፌ አላውቅም።»

«እሺ፣ ግድግዳው ከመለሰልህ ንገረኝ፣» ብላ እየሳቀች ጫነችው።

በማግስቱ ከቪዲዮው ሥር ተማሪዎች የጻፉትን አነበበችላቸው። «ገብቶናል» የሚለው በሽ ነበር። አንዷ ግን፣ «ቲቸር፣ ሲጠብቁኝ ጊዜ መዋሸት አቃተኝ፤ ሦስተኛው መስመር አልገባኝም፣» ብላለች።

የመምህሩ ፊት በራ። «አየሽ፣ ሰው አለ!» አሉና ጠመኔያቸውን ፍለጋ ተነሱ።