የአኩራፊዎቹ በረኪና

ጠብ። ትንሽ ዝምታ። ደግሞ ጠብ።

ዓይኔን ስገልጥ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። መቼ እንደጠራ ግን አላየሁም። ሥራዬ እሱን ማየት ነበር፤ እኔ ደግሞ ለራሴ ደመና ላይ ቤት ልሠራ ሄጄ፣ ገና መስኮቱን ሳልገጥም ነው የተመለስኩት። ብልቃጡን ደፋሁና እንደገና ጀመርኩ።

የበረኪና ጉልበት የሚለካው እንዲህ ነው። ከበረሜሉ ጥቂት ይቀዳና መድኃኒቱ ሲገባበት የሻይ መልክ ይይዛል። ከላይ ከተሰቀለው ባለ ቁጥር የመስታወት ቱቦ ሌላ ፈሳሽ በጠብታ ይለቀቅበታል። ሻዩ እየሳሳ ሲመጣ ስታርች ጣል ይደረግበትና እንደ ቀለም ይጠቁራል። ከዚያ ትንፋሽን ዋጥ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ያ ሁሉ ጥቁረት በአንዲት ጠብታ ድንገት ይጠፋል። ቱቦው መዘጋት ያለበት እዚያች ጠብታ ላይ ነው። ብዙ ከወረደ በረኪናው ብርቱ፣ ጥቂት ከወረደ ደካማ። የቀረው ማባዛትና ማካፈል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ይበቃኛል።

ቱቦው ከመምጣቱ በፊት መለኪያው የአክስቴ አፍንጫ ነበር። የበረሜሉን ክዳን ከፈት ታደርግና አንዴ ጎንበስ ብላ «ውሃ ይፈልጋል» ወይም «ይበቃዋል» ትላለች፤ ነገሩ ያልቃል። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ የሸሚዙን ኮሌታ በአንድ እጁ፣ የቀረውን ሸሚዝ በሌላው ይዞ መጣ። በማግስቱ አጎቴ ቱቦውን ገዛ፤ እኔንም ከአልጋዬ ቀስቅሶ ቱቦው ሥር አስቀመጠኝ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ግን ምሳ ላይ አፉ አላርፍ ብሎት፣ «እንግዲህ አፍንጫሽ ጡረታ ይውጣ» አላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው።

«ለዚያ ሰውዬ ክዳን አልቋል በልልኝ» ትላለች አክስቴ፤ ሰውዬው አጠገቧ ቆሞ።

«ለሴትዮዋ ሰምቻለሁ በላት» ይላል አጎቴ።

«ሰምቷል» እላለሁ እኔ።

«እኔም ጆሮ አለኝ» ትላለች።

የዛሬው ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ የጥራት ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች። ጠርሙሶቻችን ላይ የተለጠፈው ወረቀት «አምስት በመቶ» ይላል። በረሜሉ አምስት ካላለ ፈቃዳችን አይታደስም፤ የግቢው በር ይታሸጋል፤ አጎቴና አክስቴም ያላቸው ይኸው በረሜል ነው።

በሁለተኛው ልኬት ዓይኔን ሳልጨፍን ጨረስኩ። ስድስት በመቶ። በረሜሉ ውስጥ ያለው መቶ ሊትር ነው፤ ወደ አምስት ለማውረድ መቶ ሃያ መሆን አለበት።

አክስቴ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ስንት አለ ያ ቱቦህ?»

«ስድስት። ሃያ ሊትር ውሃ ይበቃዋል።»

«አፍንጫዬም እንደዚያው ብሎኝ ነበር» አለችና ሄደች።

ትንሽ ቆይቶ አጎቴ በበሩ ገባ። «እህ፣ ፕሮፌሰር?»

ለእሱም ያንኑ ነገርኩት። «እሺ» ብሎ እጅጌውን እየሰበሰበ ወጣ። እኔ ብልቃጥ ማጠብ ጀመርኩ፤ ብልቃጥ ሳጥብ ደግሞ ሐሳቤ አገር ለአገር ይዞራል።

እንደገና ስለካ አራት ነጥብ ሦስት ወጣ። ደመናው ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ከጀሪካኑ ከጠንካራው፣ ማለትም አሥራ ሁለት በመቶ ከሆነው፣ አሥራ ሁለት ሊትር እንዲጨመር አሰላሁ። አክስቴ በመስኮቱ መጣች፤ ነገርኳት። አጎቴ በበሩ መጣ፤ ነገርኩት። ስለካ አምስት ነጥብ አራት። በረሜሉም እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ ወደ አፉ ተጠግቷል።

እርሳሴን አነሳሁ። መቶ ሊትሩ በስድስት ሲባዛ ስድስት መቶ። ለመቶ ሃያ ሲካፈል አምስት ነው። ታዲያ ለስንት ቢካፈል ነው አራት ነጥብ ሦስት የሚሆነው? ለመቶ አርባ። አርባ ሊትር ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ሃያ፣ ደግሞ ሃያ።

በመስኮት ወደ ግቢው አየሁ። አክስቴ ባዶ ባልዲ ይዛ ከበረሜሉ ዘወር ስትል፣ አጎቴ ከመጋዘኑ ጀርባ አንገቱን አውጥቶ እስክትርቅ ይጠብቃል። ለካ እያንዳንዳቸው «ሌላው አኩርፎ እጁን አያነሳም» ብለው በየተራ እየሾለኩ ያስተካክሉ ኖሯል። ሁለቱም ለቤቱ ተጨንቀው ቤቱን ሊያፈርሱት ነው።

መንገር ይቻል ነበር። ግን ብነግራቸው «እሱ ነው»፣ «እሷ ናት» ሲባል ተቆጣጣሪዋ ትደርሳለች። አሁን የሚፈለገው አሥራ አራት ሊትር ውሃ ነው። ለሁለት አካፈልኩት።

«ሰባት ሊትር» አልኳት አክስቴን በመስኮቱ።

«ሰባት ሊትር» አልኩት አጎቴን በበሩ።

እንደገና ለመለካት ብልቃጥ ስፈልግ ተቆጣጣሪዋ የራሷን ቱቦ በሣጥን ይዛ በበሩ ገባች። ከበረሜሉ ቀድታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አጎቴ በአንድ ጥግ፣ አክስቴ በሌላው ጥግ ቆሙ። ጠብታው ሲጀምር ሁለቱን በየተራ አየኋቸው። መቼስ አንዱ ሰንፎ ቢቀርስ? ወይስ ድንገት ተነጋግረው አንደኛቸው «ተይው፣ እኔ አደርገዋለሁ» ብሎ ቢሆንስ? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመዶቼ እንዳልታረቁ ሆነው እንዲገኙ ጸለይኩ።

ጠብ። ጥቁር ነው። ጠብ። አሁንም ጥቁር። ጠብ።

ጠራ።

ተቆጣጣሪዋ ቁጥሩን አነበበች፤ አሰላች፤ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «አምስት። ዛሬ ካየኋቸው ሁሉ የተስተካከለው ይሄ ነው። ማነው ያዘጋጀው?»

«እኔ» አለ አጎቴ።

«እኔ» አለች አክስቴ።

ተያዩ።

«አንተ ደግሞ መቼ?» አለችው። ስንት ጊዜ ሆኖኛል በእኔ በኩል ያላለፈ ቃል ከሰማሁ።

«አንቺ ክዳን ስታጥቢ። አንቺስ?»

«አንተ ስልክ ስታወራ።»

«ውሃውን?»

«ውሃውንም፣ ጠንካራውንም፣ ደግሞ ውሃውንም።»

ተቆጣጣሪዋ በመስኮቱ እስከ አፉ የሞላውን በረሜል አየችና፣ «አምስት» ብላ በጻፈችበት ወረቀት ላይ ማኅተሟን እያሳረፈች ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «እንዲህ እያኮረፋችሁ ብትሰነብቱ ምርቱ በእጥፍ ይጨምራል» ብላ ሣጥኗን ዘጋች፤ ተሰናብታንም ሄደች።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ፣ ታውቅ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሒሳቡ ነው የነገረኝ» አልኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። ጣሪያውን አየ፤ ጫማውን አየ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጥቶ የበረሜሉን ክዳን በገዛ እጁ ከፈተላትና፣ «እስቲ… አፍንጫሽስ ምን ይላል?» አላት።

አክስቴ በረሜሉ ላይ ጎንበስ አለች። ዓይኗን ጨፍና ከወትሮው ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆየች።

«አምስት» አለች በመጨረሻ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እንዳላየ ሰው።

«እኮ» አለ አጎቴ፣ ፈገግታውን ለመዋጥ እየታገለ።

የጎማ ጓንቶቿን አንድ በአንድ አወለቀች፤ ሁለቱንም መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች፤ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና፣ «እንግዲህ አፍንጫዬ ጡረታ ወጥቷል» ብላ፣ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ወጣች።