የማርሹ ራስ

ሾፌሩ አንሙት የጭነት መኪናውን ይዞ ሊማሊሞን ሊወርድ ሲሰናዳ የማርሹ ዘንግ ራስ ተሰበረበት። ባዶውን ብረት ጨብጦ ያን ቁልቁለት መውረድ ስላስፈራው፣ ደባርቅ ወደሚገኙት እንጨት ጠራቢ ወደ አያ ካሴ ሄደ።

«አያ ካሴ፣ ራስ ፈልጌ መጣሁ።»

«ሹመቱን ከጃንሆይ ጠይቅ፤ እኔ ጠራቢ ነኝ።»

«የማርሹን ራስ ማለቴ ነው!»

አያ ካሴ እየሳቁ ሁለት አቀረቡለት፤ አንዱ እንደ መስተዋት የሚያበራ የበሬ ቀንድ፣ ሌላው ሻካራ ወይራ ነበር። አንሙት ቀንዱን ወደደው።

«ያምርብሃል» አሉት፤ «እስቲ እጅህን አርጥበህ ጨብጠው።»

ቀንዱ ከመዳፉ ሾልኮ መሬት ላይ ተንከባለለ። ወይራው ግን እንደተያዘ ቀረ።

«ሊማሊሞ ላይ እጁን የማያልበው ማን አለ?» አሉ አያ ካሴ።

አንሙት ወይራውን አስገጥሞ ወረደ። በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ሁለተኛው ማርሽ ያለ ችግር ሲገባለት፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ሳቁ ቀደመው።