እማማ አልወጣችም

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኔ ጆሮ ግን የዚያን ቅዳሜ ስለኔ የተባለውን ቃል በቃል ለቅሞ አመጣልኝ።

ሳሎን መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ የልጅ ልጄን የትምህርት ቤት ቀሚስ ጠርዝ እየዘመዘምኩ ነበር። ምራቴ በረንዳ ላይ ሆና ከሥራ ባልደረባዋ ጋር በስልክ ታወራለች። ሥራዋ የሰማይ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ኮከብ ከኮከብ ታጋጫለች። ለዚህም ደሞዝ ይከፈላታል።

«እማማ ትወጣለች መሰለኝ» ስትል ሰማኋት። «ከሌላው ጋር በተቀላቀለች ቁጥር ትገፋለቻ! አዎ፣ ነገ ጠዋት ይለይለታል። አንዴ ከወጣች ደግሞ ተመልሳ አትመጣም፤ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ነው የምትቀረው።»

በዚህ ቤት እማማ የምባለው እኔ ነኝ። ስፌቱ ሳላስበው ጠምሞ ሄደ።

ከመውጣቱ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን «ትወጣለች» ማለቷ ነው። ምራቴ ልጄን ካገባች ጀምሮ አንድ ቀን አንቺ ብላኝ አታውቅም። «ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ አረፍ ይበሉ» ነው ቋንቋዋ። ለካ አንቱታው በፊቴ ብቻ ኖሯል!

ደግሞ ልፍረድባት ብል ምን ብዬ? ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሎኝ እነሱ ጋ ከገባሁ ወዲህ ልጆቹ ከኔ ጋር ይተኛሉ፤ የልጄ ብስክሌት ኩሽና ውስጥ ቆማለች፤ የስፌት መኪናዬ የምግብ ጠረጴዛውን ቦታ ስለወሰደ ሁሉም ሶፋ ላይ ሳህን ታቅፎ ይበላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ጭንቅንቅ ወጥቼ መኖር አልፈልግም ነበር።

ኩራት የሚባል ክፉ ነገር ደግሞ አለብኝ። ሳይገፉኝ ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ፤ ጀምራ ጥላ ሄደች እንዳልባል የጠመመውን ተርትሬ እንደገና ሰፋሁ። እሁድ ጠዋት የስፌት መኪናዬን በአንሶላ ሸፈንኩና ሻንጣዬን በር ላይ አቆምኩ።

ልጄ ፊቱን ሳይታጠብ መጥቶ ሻንጣውን አየ። «እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ እህቴ። ከመባረር መሰናበት ይሻላል።»

«ማን አባረረሽ?»

አፌን ሳልከፍት የመኝታ ቤቱ በር ብርግድ አለ። ምራቴ በሌሊት ልብሷ፣ ስልኳን እያውለበለበች ወጣች። «አልወጣችም! እማማ አልወጣችም! ቀረች!» ብላ ባሏን አቀፈችው፤ ከዚያ እኔ ላይ ተጠመጠመች።

«ገና መቼ ወጣሁ!» ብዬ ጮህኩባት። «ሻንጣዬ ያውልሽ፣ አሁን ልወጣልሽ ነው።»

ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች። ልጄ ቀድሟት ገባውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። እሷ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «እርስዎን አይደለም እኮ እማማ! ጥቁር ጉድጓዷን ነው!»

«ጭራሽ ጉድጓድ አልሽኝ?»

እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። ጥቁር ጉድጓድ ማለት አንዳንድ ትልልቅ ኮከብ ሲሞት የሚቀር፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ከባድ ነገር ነው። ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲጋጩ ተዋህደው አንድ ትልቅ ይሆናሉ፤ አዲሱ ግን በዚያው ቅጽበት ይገፋል። ከዋክብቱ ተራርቀው በሚኖሩበት ሰፈር ከሆነ ወጥቶ ይጠፋል፣ በዚያው ማደጉ ይቀራል።

«ተጠጋግተው ከሆነስ?»

«የሁሉም ስበት ተባብሮ ይይዘዋል። ሲቀር ደግሞ ከሌላው ጋር ይዋሃዳል፣ ደግሞ ያድጋል። ትልቋን በእርስዎ ነው የሰየምኳት።»

«ለምን በኔ?»

አፈረች። «ቤቱን ሁሉ ወደ ራስዎ ስለሚስቡ።»

«እና ዛሬ ምን አስቀራት?»

«መጨናነቁ ነዋ፣ እማማ! እስካሁን የሞከርኩባቸው ሰፈሮች ሰፋ ያሉ ነበሩ። ትናንት ኮምፒውተሩ ላይ ከዋክብቱን አጠጋግቼ፣ አጨናንቄ ሞከርኩት። ተገፋች፣ ግን የምትወጣበት አጣች።»

ቀና ብዬ ቤቱን አየሁት። ከኩሽናው በር የብስክሌቷ ጎማ ይታያል፤ ልጆቹ አልጋዬ ላይ በትራስ ይደባደባሉ። እፎይ አልኩ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ግን እንዲሁ አልለቀቅኳትም። «ጉድጓዷን አንቺ፣ እኔን እርስዎ? ከኔ ይልቅ እሷ ትቀርብሻለች ማለት ነው?»

«ኧረ እማማ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ እኔንም አንቺ በይኝ።»

ሻንጣዬን አንስታ ወደ ክፍሌ መለሰች፤ አንሶላውን ከስፌት መኪናዬ ላይ ገፈፈች። ከዚያ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ ቀስ ብላ፣ «ወንበርሽን ላቅርብልሽ?» አለችኝ።

ሰው አንቺ ብሎኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።