የሁለተኛዋ በረኛ ወረቀት

«ውረጂ! ውረጂ እንጂ!»

አሰልጣኙ በሜዳው አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይህን ሲጮህ፣ ጥቁሯ የጎማ ዲስክ በበረኛዋ፣ በልብስ ሰፊዋ፣ እግሮች መካከል ሾልካ መረቡን ነክታ ነበር። ልብስ ሰፊዋ በዱላዋ በረዶውን አንድ ጊዜ መታ አደረገችና እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ቆመች። በዚያ ጠዋት በዚያው ቀዳዳ የገባባት አራተኛ ግብ መሆኑ ነው።

«ስንቴ ልንገርሽ፣ ግንቤ? በመሬት ስትመጣብሽ በጉልበትሽ ውረጂና በሩን ዝጊው።»

«ገብቶኛል እኮ።»

«ለአንቺማ ገብቶሻል። ጉልበትሽ ነው አልሰማም ያለው።»

ተከላካዮቹ ሳቁ። እሷም በጭንብሏ ውስጥ ሳቀች፤ ዲስኳን ከመረቡ ስታወጣ ግን እጇ ከወትሮው ዘገየ።

ግንብ የሚለው ቅጽል የወጣላት ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ያኔ በከተማው ውስጥ የሚንሸራተቱበት በረዶ የሚባል ነገር አልነበረም። አራት ሴቶች በስልክ ያዩትን የበረዶ ሆኪ ጨዋታ እንሞክር ብለው፣ ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ አጥልቀው፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ምድር ቤት ተሰበሰቡ። እሷ በረኛ የሆነችው ማንም በረኛ መሆን ስላልፈለገ ነው። የእግር መከላከያዋን ከፍራሽ ስፖንጅና ከጭነት መኪና ሸራ ቆርጣ በሱቋ የስፌት መኪና ሰፋችው፤ ሦስት መርፌ ተሰበረባት። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ግብ ለማዳን በጉልበቷ ስትወርድ፣ ሲሚንቶው መከላከያው ካልደረሰበት ቦታ ሱሪዋንም ቆዳዋንም አንድ ላይ ገፈፈው። ሐኪም ቤት ወስደዋት ሲመለሱ ጓደኞቿ መንገዱን ሙሉ «ዛሬስ ሰፊዋ ተሰፋች!» እያሉ ቀለዱባት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበቷ መሬት ነክቶ አያውቅም። ቆማ መጠበቅን፣ የዲስኳን መንገድ ከመቺዋ ትከሻ ማንበብን ተማረች። በዚያ ምድር ቤት ውስጥ እሷን አልፎ ግብ ማግባት ወሬ የሚሆን ጉዳይ ነበር።

በረዶው የመጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ የገበያ ማዕከል በሦስተኛ ፎቁ ላይ ልጆች የሚንሸራተቱበት አነስተኛ ሜዳ ከፈተ፤ ሥራ አስኪያጁም ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት እንዲለማመዱበት ፈቀደላቸው። ቀጥሎ ደብዳቤው መጣ፦ ለጀማሪ አገሮች በሚዘጋጀው ውድድር ላይ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ማሰለፍ ይችላሉ። ሃያ ተጫዋች ያስፈልጋል፤ እነሱ አሥራ አምስት ነበሩ። አሰልጣኙ ቀን በትምህርት ቤት ስፖርት እያስተማረ፣ በእረፍቱ ሰዓት ወደ ውጭ አገር ክለቦች እየጻፈ፣ አያቶቻቸው ከዚህ የሄዱ ስድስት ተጫዋቾች አገኘ፤ ለመሰለፍ ግን የእያንዳንዷ አያት እዚህ መወለዷ በማዘጋጃ ቤት ማስረጃ መረጋገጥ አለበት። በረዶ ላይ ያደጉ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዷ የመጀመሪያ በረኛ ሆና ከተመረጠች ወር አልፏታል። የቀረው የሁለተኛ በረኛ ቦታ ነው።

«ትንሿ፣ ግቢ!» አለ አሰልጣኙ።

ከስድስቱ በዕድሜ የምታንሰው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ፣ ወደ ግቡ ተንሸራትታ መጣች። የመጀመሪያዋ ዲስክ ስትላክባት ሁለቱም ጉልበቶቿ ገመዱ እንደተለቀቀ መጋረጃ ወደ ታች ወረዱ። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። ልብስ ሰፊዋ አጥሩን ተደግፋ ከአሥር በላይ ቆጠረች፤ አንዲቱም አልገባችም።

ልምምዱ ሲያበቃ አሰልጣኙ ወደ እሷ ቀረበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዝርዝሩ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ።»

«የትንሿ አያት የልደት ማስረጃ ከተገኘ እሷ ትገባለች። ካልተገኘ ደግሞ...»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ።» ጢሙን አሻሸ። «ወረቀቱን ሌላ ሰው ያምጣው? ልክ አይመስለኝም፣ አንቺኑ መላክ።»

«አምስቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከሄደ መስኮቱን እስኪያገኘው ይመሻል።»

ይህ እውነት ነበር። ሱቁ የራሷ ስለሆነ ሰዓቷን የምታዘው እሷ ናት፤ የቡድኑ ጸሐፊ የሆነችውም ለዚሁ ነው። አሰልጣኙ የትንሿ አያት ስም የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ሰጣት።

ልብስ መለወጫው ውስጥ ትንሿ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ገመድ እየፈታች ነበር። አማርኛ የተማረችው ከአያቷ ብቻ ስለሆነ ንግግሯ ሁሉ የሰባ ዓመት ባልቴት ንግግር ነው።

«ልጄ፣» አለቻት የሠላሳ ሦስት ዓመቷን ልብስ ሰፊ፣ «ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ? ሞቅ ባለ ዘይት ይታሽ እንጂ፤ ችላ አትበይው።»

«አያምመኝም፣ እማማ።»

ትንሿ ሳቀችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ወረቀቴ ከመጣ አንቺ ትቀሪያለሽ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ ወረቀቱን ለማምጣት የምትሄጂው አንቺ ነሽ?»

«መንገዱን የማውቀው እኔ ነኛ።»

ትንሿ የፈታችውን ገመድ በጣቷ ላይ ጠመጠመች። «አይ፣ ልጄ። ውሸት አልወድም። እኔ ብሆን አልሄድም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ዘጋች። ትንሿ ግን ዝም ማለት የሚከብዳት ልጅ ናት።

«ትናንት ለአያቴ ደውዬ ወረቀትሽን እየፈለግን ነው ብላት አለቀሰች። ስሟ የተጻፈበት ቀን ትዝ ይላታል። ታናሽ ወንድሟን አዝላ ቆማ፣ ጸሐፊው ቀለም ጠብ አድርጎ አዲሱን ቀሚሷን አበላሸባት። 'እዚያው ነኝ፤ የትም አልሄድኩም፤ ይፈልጉኝ' አለችኝ።»

«እንፈልጋታለን፣» አለች ልብስ ሰፊዋና ወጣች።

መዝገብ ቤቱ የማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሱቋ ገብታ ቃል የሰጠችባቸውን ሁለት ቀሚሶች ጨርሳ፣ ሰልፉን ጠብቃ ተራዋ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። መዝገብ ያዡ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት የደረቡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። በመስኮቱ ሲያዩዋት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት።

«መጣሽ ደግሞ? እኔ እኮ አንቺን ካላየሁ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም።»

«ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ አባባ።»

«ባለፈውም የመጨረሻ ብለሽኝ ነበር። ስንት አያት ነው ያላችሁ እናንተ?»

«ስድስት። አምስቱን አግኝተውልናል።»

«ለመሆኑ እነዚህ ልጆች በረዶ ላይ ወጥተው የሚጋፉት ደረቅ መሬት ጠቧቸው ነው?» አሉና ሳቋን ሳይጠብቁ የሰጠቻቸውን ቁራጭ ወረቀት አነበቡ፦ የአያትዮዋ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የተወለደችበት ዓመት። ወደ ውስጥ ገቡ። መዝገቡን አቅፈው ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው ነበር።

ገጾቹን በእርሳስ ጫፍ እየተከተሉ አንድ ጊዜ ጨረሱ። ደግመው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ የእርሳሱን ጫፍ፣ ዲስኳን እንደምትከታተለው ሁሉ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ተከታተለችው።

«የለችም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሁለቴ ሳይ አላየሽም? በተወለደችበት ዓመት መዝገብ ላይ በዚህ ስም የተጻፈች ልጅ የለችም።» ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አወጡ፤ ጻፉበት፤ ፈረሙበት፤ ማኅተሙንም ትንፋሻቸውን እፍ ብለው ጫኑበት። «'ተፈልጎ አልተገኘም' ይላል። ይህን ስጫቸው። ጥፋቱ የአንቺም አይደለም፣ የእኔም አይደለም።»

ወረቀቱን ተቀብላ አመሰገነች። ደረጃው መሐል ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ ሱቁን የሚጠብቁላት እናቷ ናቸው።

«እህ? ምን ተባለ?»

«የልጅቷ ወረቀት አልተገኘም፣ እማ።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«እኔ ነኝ የምሄደው ማለት ነው።»

እናቷ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ «ሰማችሁ? ልጄ ልትሄድ ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሱቁ ውስጥ የነበሩ ደንበኞች ሲያጨበጭቡም ተሰማ። «ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ሸራ ስትሰፊ፣ ሰዉ አበደች ሲልሽ! ቴሌቪዥኑን ሱቁ በር ላይ አወጣዋለሁ። የማላሳየው ጎረቤት አይኖርም። ሄሎ? አለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ወረቀቱን እያየች ነበር። ማኅተሙ ገና አልደረቀም።

«እማ፣ አንቺ ልደትሽ ሲመዘገብ ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሁን እሱን ምን አመጣው?»

«ንገሪኝ ዝም ብለሽ።»

«ትምህርት ቤት ልገባ ስል ነዋ! ያለ ወረቀት አንቀበልም ሲሉት አባቴ ሦስታችንንም ነድቶ ወስዶ ባንድ ቀን አስጻፈን። ያኔ ልጅ በተወለደ ቁጥር ማን ይመላለሳል? የተጻፍነውም በዚያው በሄድንበት ዓመት መዝገብ ላይ ነው። ስንቴ ነግሬሽ የለም እንዴ፣ እኔ ራሴ ወረቀቴን ለማግኘት ሁለት ወር የተንከራተትኩት በምን ሆነና?»

ነግረዋታል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዛሬ ጠዋት አግዳሚው ላይ የሰማችውም ከጆሮዋ አልወጣም። ገና የተወለደች ልጅ ወንድሟን አታዝልም። የትንሿ አያት ስሟ ሲጻፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሆኗት፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ቆማ ነበር። የተፈለገችው ባልተጻፈችበት መዝገብ ላይ ነው።

ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። አሰልጣኙ አይጠይቃትም። ትንሿ ትተክዝና አውሮፕላኗን ትሳፈራለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ልትመለስም ትችል ይሆናል፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእጇ የያዘችው ወረቀት ሐሰት የለበትም፤ ሁለቴ ተፈልጓል፣ አልተገኘም። እሷም አንዲት ቃል አልዋሸችም። በዚህ ጊዜ «አንቺ ነሽ» የሚለው የአሰልጣኙ ድምፅ መጣባት፤ ከዚያ ግን በዚያው ቀዳዳ የገቡት አራት ግቦች፣ ከዚያ ደግሞ ትንሿ ገመዱን በጣቷ ጠምጥማ «እኔ ብሆን አልሄድም ነበር» ያለችው። እንዲህ ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር ሰው የቡድኗ በረኛ ሆኖ ቢቆም ምንኛ ደስ ይላት እንደነበር አሰበች።

ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል አልፎ ነበር።

«እማ፣» አለች፣ «ቴሌቪዥኑን ለማውጣት አትቸኩዪ።»

«ምን?»

«ማታ እነግርሻለሁ።»

ወደ ታች ተመለሰች። መዝገብ ያዡ መስኮቱን ዘግተው መክሰሳቸውን ሊቀማምሱ ሲሰናዱ መስታወቱን ቆረቆረችው።

«አሁን ደግሞ ሰባተኛ አያት እንዳትዪኝ!»

«ያችው ናት፣ አባባ። ከልደቷ ሰባት ዓመት ወደ ፊት ያለውን መዝገብ ይዩልኝ። እሱ ላይ ከጠፋች የስምንተኛውን። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው የተመዘገበችው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወረዱና ትንሽ አሰቡ። «ትምህርት ቤት ስትገባ፣» አሉ በቀስታ። «እኔን ይህ ሊጠፋኝ! በእርግጥ የዚያን ጊዜ ሰው እንዲያ ነበር የሚያደርገው።» ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእነዚያ ዓመታት መዝገቦች ያሉት ከታች ነው፣ ከወለሉ ጋር። ለእኔ ከዚያ መዝገብ ማውጣት ማለት እዚያው መቅረት ማለት ነው፤ ወገቤ አይታጠፍም። ነገ ጠዋት ረዳቴ ሲገባ ያወጣልሽ።»

«ነገ ለእኛ ምንም አያደርግልንም። ዝርዝሩ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። እኔ ገብቼ ላውጣው?»

«ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕጉ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ቢያዩኝስ?»

መዝገብ ያዡ ወደ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ ከዚያ የጎኑን በር ከፈቱላት።

«ለመሆኑ ይቺ ልጅ ምንሽ ናት? ዘመድሽ ናት?»

«አይደለችም።» ልብስ ሰፊዋ በሩን አልፋ ገባች። «የቡድናችን በረኛ ናት።»

መደርደሪያዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ፣ ወለሉም ያልተለሰነ ሻካራ ሲሚንቶ ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በአቧራ ተሸፍኗል፤ የዓመተ ምሕረቶቹ ቁጥሮች ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታዩም። ልብስ ሰፊዋ ለአፍታ ቁልቁል አየችው። ከዚያ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አራት ቦታ አጠፈችው፣ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈችው፣ ጠባሳ ያለበትን ጉልበቷንም በላዩ አድርጋ ተንበረከከች።