የቲሊ አቋቋም

ቲሊ ቆመች።

አንድ የፊት እግሯን አጥፋ፣ አንገቷን ወደ ነፋሱ አስግጋ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ከፊላው ዳር ድርቅ አለች። ሌላንድ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከኋላው ቬርና መራመዷን አቆመች። ዱዌይን እንኳ ወሬውን ገታ።

ውሻዋ እንዲያ ሆና ጥቂት ቆየች። ከዚያ አንገቷን መልሳ ሌላንድን አየችው። ጭራዋ ረገበ። እግሯን መሬት አሳረፈችና ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ወደ ማሽላው ሄደች።

«ይኸው» አለች ቬርና። «ዓምናም ያየሁት ይኸንኑ ነው።»

«አየሁ» አለ ሌላንድ።

«ባዶ ሣር ላይ ነው የቆመችው። ትዋሻለች።»

«ላብራዶር ቆመ ማለት ደከመው ማለት ነው» አለ ዱዌይን። «እኔ ይኸን ስነግራችሁ ጸጉሬ አለቀ።»

ዱዌይን የሌላንድ የሟች ሚስት የኢንጋ ወንድም ነው። ማሳውም ረግረጉም የእሱ ነው። ቤቱ የሚያረባው ቀጫጭን የጀርመን አዳኝ ውሾች ናቸው፤ ወፍ ሲሸታቸው ሐውልት ሆነው መቆም የተፈጠሩበት ሥራ ነው። እንደ ቲሊ ያለው ላብራዶር የሚባል የውሻ ዘር ግን የተፈጠረው የወደቀውን ወፍ ለቅሞ ለማምጣት ነው። የተደበቀ ወፍ ከሸተተው ዘሎ ይገባበታል። ከዘሩ መካከል አልፎ አልፎ፣ ማንም ሳያስተምረው የሚቆም ይወለዳል። ሌላንድ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ እነዚያን ሲያራባ የኖረ ሰው ነው። ቬርናም እንደዚሁ፣ ከሚዙሪ ወንዝ ማዶ።

ቬርና ዛሬ ወንዙን ተሻግራ የመጣችው ወንድ ውሻዋን ሳርጅን ፒካፑ ላይ ባለው ሳጥን ጭና ነው። ቲሊ ስሪያ ፈልጋለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዘንድሮ ካልወለደች ከእንግዲህ አትወልድም። እናቷ ሞታለች። እህትና ወንድሞቿ ከተማ ገብተው፣ መክነው፣ ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። ሌላንድ ካረባው ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ቬርና ግን ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ቃሏን ተናግራለች፤ ቲሊ ስትቆም እውነት ወፍ ሸቷት መሆኑን በዓይኗ ካላየች ሳርጅ ከሳጥኑ አይወርድም።

ሌላንድ አልተቀየማትም። የሚዋሽ ውሻ ዘሩ ቢቀር ይሻላል እያለ ሰውን ሲመክር የኖረው እሱ ራሱ ነው። ቲሊ ውሸታም ከሆነች፣ ቬርና ብትፈቅድ እንኳ እሱ አይፈቅድም። ምክር ለራስ ሲደርስ መራራ ነው እንጂ ምክርነቱ አይቀርም።

በማሽላው ዳር ተያይዘው ሄዱ። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። የረግረጉ ውኃ ረግቶ በረዶ ሆኗል፤ ፊላው እርስ በርሱ ይፋጫል። ቲሊ ከፊታቸው ወዲያና ወዲህ እያለች ትሠራለች።

የተሳሳተ ውሻ ምን እንደሚያደርግ ሌላንድ ያውቃል። አፍንጫውን መሬት ለመሬት ይጎትታል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ያሸታል፣ ያፍራል። ቲሊ አንዱንም አላደረገችም። ሥራውን ጨርሶ እንደሚወጣ ሰው ነው የሄደችው። ደግሞስ ለምን አየችው?

«ምን ታጉረመርማለህ?» አለች ቬርና።

«ለምን አየችኝ?»

«ይቅርታ ልትጠይቅህ ነዋ» አለ ዱዌይን፣ ቬርና ከቤቷ ያመጣችውን ኮላቼ የሚሉትን በፕሪም የተሞላ ዳቦ እየገመጠ። ፕሪሙ ከንፈሩ ላይ ቀርቷል።

«አንተ ብላ» አለችው ቬርና። «አፍህ ሲሞላ ይሻላል።»

ቲሊ ደግማ ቆመች። ቦታው ማሽላው አልቆ ሣሩ የሚጀምርበት ነው። አቋቋሟ ያማረ ነበር። ቬርና እንኳ ሳታስበው በአድናቆት ከንፈሯን መጠጠች። ቲሊ ግን እንደ ቅድሙ ራሷን መለሰች፤ ሌላንድን አየችው፤ ሄደች።

በዚያ አገር በአዳኞች ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ ውሻህን እመን። ውሻው ከቆመ ትቆማለህ፣ ውሻው ከሄደ ትሄዳለህ። ውሻው ትቶት የሄደውን ሣር ተመልሶ የሚረግጥ ሰው ይሳቅበታል። አፍንጫ ያለው ማነው ይሉታል። ሌላንድም ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሕግ ሄዷል። አሁን ግን እግሩ እንቢ አለው። መንገዱን ትቶ ቲሊ ቆማ ወደነበረበት ቀና።

«ወዴት ነው?» አለ ዱዌይን። «አማቼ፣ ውሻዋ እኮ ሄደች!»

«ልየው።»

«አንተ ደግሞ በስተርጅና አፍንጫ አበቀልክ?»

ሌላንድ ሣሩን በጫማው መታ። ምንም የለም። አንድ ጊዜ ተራመደና ደግሞ መታ። ከእግሩ ሥር አንዲት አፈርማ ወፍ ክንፏን እያማታች ቱር ብላ ወጣች።

«ቄብ!» ብሎ ጮኸ።

በዚያ አገር ፌዛንት የሚባለውን ቆቅ መሰል ወፍ ሴቷን መግደል ክልክል ነው። ስለዚህ ወፍ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ያየ ይጮኻል፤ ደማቁ ከሆነ «አውራ!»፣ አፈርማዋ ከሆነች «ቄብ!»። «ቄብ» ከተባለ ማንም ቃታ አይስብም። ሌላንድ ወፏን በዓይኑ ሸኛትና ወደ ቲሊ ዞረ። ውሻዋ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ክንፉንም ጩኸቱንም ሰምታለች፤ ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጠምዝዟል። ግን ሥራዋን ቀጥላለች።

«ወፍ ነበረች» አለ ሌላንድ።

«አጋጣሚ ነው» አለች ቬርና። ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም። «በዚህ ማሳ ውስጥ እንጨት ብትወረውርም ቄብ ትነሳለች።»

«እንግዲያው በሚቀጥለው አንቺ ሂጂ።»

ቀጣዩ ሩቅ አልነበረም። ቲሊ ረግረጉን ተጠግታ ቆመች፣ አየች፣ ተወች። ቬርና ጠመንጃዋን ለዱዌይን ሰጥታ ገባች። ሣሩን ረገጠች። ዞረች። የፊላውን ሥር በእጇ ፈለቀቀች። ምንም አልወጣም።

ሌላንድ ተስፋ ቆረጠ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለው፤ ውሸታም ከሆነችም ባይሆን ነገሩ እንዲህ በግልጽ ይለቅ አለ በሆዱ። ቬርና ጉልበቷን እያራገፈች ወጣችና ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከአጥሩ ሽቦ ዘንድ፣ ራቅ ብሎ፣ አንዲት አፈርማ ወፍ ብድግ ብላ ነፋሱን ይዛ ሄደች።

«ቄብ!» አለ ዱዌይን።

ሦስቱም ወፏን እያዩ ቆሙ።

«ከዚህ ተነስታ በእግሯ ሮጣ ሊሆን ይችላል» አለች ቬርና በመጨረሻ። «ላይሆንም ይችላል። ማንንም አልዋሽም፣ አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ ሌላንድ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ ዱዌይን። «እግሬ ደንዝዟል።»

አጥሩን ይዘው ወደ ነፋሱ ዞሩ። ቲሊ ቀደመች። እዚያ ሣሩ እስከ ወገብ ይደርሳል፤ አለፍ ሲል ያረጀ የእህል መዝሪያ መሣሪያ ዝጎ ወድቋል። ከዝገቱ አጠገብ ስትደርስ አንድ ነገር እንደመታት ሁሉ እየሮጠች ሳለ ታጥፋ ቀረች። ገላዋ ወዲህ፣ ራሷ ወዲያ።

«አትንቀሳቀሱ» አለ ሌላንድ።

«ለምን?» አለ ዱዌይን።

«ትሄድ እንደሆነ እንይ።»

ቆዩ። ነፋሱ ዓይን ያስለቅሳል። ቲሊ አልሄደችም። ሌላንድንም አላየችም። የኋላ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአፏ ጠርዝ ለሃጭ ወርዶ ነፋሱ ወሰደው። ዱዌይን አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ቬርና ከቲሊ ዓይኗን አልነቀለችም። እንደ ቅድሙ ከንፈሯን አልመጠጠችም፤ እንደ ዳኛ ነው የምታየው።

«በቃ ግባ» አለች ቀስ ብላ።

ሌላንድ ገባ። ጫማው ዝገቱን ሲነካ ወፉ እየተንጫጫ ወደ ላይ ተተኮሰ፤ አንገቱ አረንጓዴ፣ ደረቱ መዳብ፣ ጭራው ረጅም።

«አውራ!» ብላ ጮኸች ቬርና።

ሌላንድ ተኮሰ። ወፉ ታጥፎ ወደቀ። ቲሊ የሄደችው ከተኩሱ በኋላ ነው። ሞቅ ያለውን ወፍ በአፏ ይዛ መጣችና እጁ ላይ አኖረችው።

ቬርና ጓንቷን አውልቃ የቲሊን ጆሮ ያዘች።

«ሌላንድ፣ ለብቻህ ማደን ከጀመርክ ስንት ዘመን ሆነህ?»

«ኢንጋ ከሞተች ወዲህ።»

«ቄብ ስትነሳ ምን ትላለህ?»

«እንደ ሰው ሁሉ ነው። ቄብ እላለሁ።»

«ለማን?»

ሌላንድ ወፉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። ቃሉ ለአደን ጓደኛ የሚጮኽ ነው፤ አትተኩስ ማለት ነው። ጓደኛ የሌለው ሰው የሚጮኽለት የለም። ይህን እስከ ዛሬ አስቦት አያውቅም።

«ለማንም» አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቲሊን፣ ተይው፣ ነይ እላታለሁ።»

«በየመኸሩ፣ በየቀኑ» አለች ቬርና። «ለማንም አልነበረም። እሷ ትሰማህ ነበር። ቄብ ማለት የማይተኮስባት፣ ተለቅማ የማትመጣ፣ ተይው የሚባልላት መሆኗን ለቅማ ያዘች። አሁን ወፏ ሳትነሳ፣ አንተም ሳትነግራት፣ ቀድማ ትተዋታለች። ስታይህ ልክ ነኝ ወይ ማለቷ ነው። አንተ ደግሞ ዝም ትላለህ፤ ዝም ካልክ ልክ ናት።»

«ሚስት ያጣ ሰው ለውሻ ሲያወራ ይኸ ነው መጨረሻው» አለ ዱዌይን። ቀልዱ ከአፉ እንደወጣ ግን ጸጸተው መሰል አቀርቅሮ የኮቱን ቁልፍ ነካካ። ኢንጋ እህቱ ናት።

ሌላንድ ቀልዱን አልሰማውም። ወፉ ተኝቶበት ወደነበረው ቦታ ተመለሰ። ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይቱን አወጣና ዝገቱ ላይ አስደገፈው። ከዚያ አንድ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ሌላውን መሬት አስነካ። ሣሩ ወፉ በተኛበት ተጨፍልቆ ትንሽ ጎድጎድ ብሏል። አፍንጫውን እዚያ ከተተው።

«ይኸ ሰውዬ ምን ሆነ?» አለ ዱዌይን።

«ሳይነሳ እንዴት ለየችው?» አለ ሌላንድ ከሣሩ ውስጥ። «ሳታየው። በአፍንጫዋ ብቻ።»

«ምን ይሸታል?» አለች ቬርና።

«አፈር።»

«ሌላስ?»

«ዝገት።»

ቬርና ትንሽ አመነታች። ከዚያ ዱዌይንን በዓይኗ ገሥጻ እሷም ተንበረከከች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ራስ ለራስ ሊጋጩ ትንሽ ሲቀራቸው ሣሩን አሸተቱ። ቲሊ ከአጠገባቸው ቁጭ ብላ አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች።

«በእግዜር» አለ ዱዌይን፣ «አደኑ አልቆ የካቲት ሲገባ ከተማ ቡና ቤት ሳወራው ማንም አያምነኝም።»

«እኔ የዶሮ ቤት ነገር ሸተተኝ» አለች ቬርና።

«እኔን አልሸተተኝም።»

«የቄቧንስ ቦታ?»

ተነስተው ወደ ማሽላው ዳር ተመለሱ። ሌላንድ ቦታውን አልሳተም። እዚያም ተንበርክከው አሸተቱ። ሌላንድ ምንም አላገኘም። ቬርና ያው የዶሮ ቤት ነው አለች፤ ልዩነቱን ግን አላገኘችውም። የሴቷ ይለሰልሳል እንዳትል አይለሰልስም፤ የአውራው ይበረታል እንዳትል አይበረታም። ደግሞ ሽታው ይሁን ሌላ ነገር ማን ያውቃል? ወፉ ሲሸሽ የሚያሰማው የእግር ድምፅ ይሆናል። አውራው ሲፈራ ላቡ ይለይ ይሆናል። ሌላንድ ይህን ሁሉ እያነሳ ይጥላል። ቲሊን ዓይኗን አያት። እሷ ታውቀዋለች፤ አትናገርም።

ቬርና እጇን ዘረጋችለትና ደግፋ አነሳችው።

«ስማ» አለችው። «መቆሙ ከእናቷ ነው። እናቷን አውቃታለሁ። ትቶ መሄዱ ካንተ ነው። ካንተ የለመደችው ወደ ቡችላ አይወርድም።»

«የአዳኝ ውሾች ፈተና ላይ ብትቀርብ ይጥሏታል። ወፍ አግኝታ ትታ ሄደች ይላሉ።»

«ይጥሏታል። እኔ ፈታኝ አይደለሁም።»

«የምትዋሽ ቢሆን እኔው እንቢ እልሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ አይደል ወንዝ ተሻግሬ የመጣሁት?» አለችና ወደ መኪናዋ መራመድ ጀመረች። «አንዲት ሴት ቡችላ እኔ መርጬ እወስዳለሁ። ዱዌይን፣ አፍህን ዝጋና ውሻዋን ያዛት።»

ሳርጅ ከሳጥኑ ወርዶ ገላውን አራገፈ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ነው። ቲሊን አንድ ጊዜ አሽትቶ ጆሮውን አቆመ። ሌላንድ የቲሊን አንገትጌ ከዱዌይን ተቀብሎ ራሷን በሁለት ጉልበቱ መካከል አደረገ። ቲሊ ጭራዋን ወደ ጎን አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ ዱዌይን።

«አትጠይቅ» አለች ቬርና።

«ጥላው ከሄደች ሳርጅ ቄብ ነው ማለት ነው?»

ቬርና ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። የሌላንድ ትከሻ ሳያስበው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቅ እንዲያ ነው የሚሆነው፣ ድምፅ የለውም። ቲሊ ቀና ብላ አየችው። አንገቷን በመዳፉ ደገፈላት።

ቲሊ አልሄደችም። ሳርጅ ወጣባት፤ እሷም ቆመችለት።